ሂስቶሪያንን ወደ ክላውድ ማዛወር፦ ከታግ ቆጠራ እስከ አሮጌው ሰርቨር መዘጋት

ፋብሪካ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሴንሰር የሚሰጠው ንባብ ሂስቶሪያን ውስጥ፣ ማለትም የፋብሪካ ንባቦች ከነሰዓታቸው በሚከማቹበት የዳታ ቋት ውስጥ፣ አራት ነገሮችን ይዞ ይቀመጣል፦ የታጉን (የመለኪያ ነጥቡን) ስም፣ ሰዓቱን፣ እሴቱንና የጥራት ምልክቱን። ፒአይም ሆነ ፕሮፊሲ ወይም ሌላ ሂስቶሪያን ብትጠቀሙ መሠረቱ ይኸው ነው። ብዙ ቡድኖች ይህን ክምችት ወደ ክላውድ ሲያዛውሩ ሥራውን እንደ ፋይል ቅጂ ያቅዱታል። ፋይሉ በሰላም ይደርሳል። ከወራት በኋላ ግን የምርት ክፍሉ "የክላውዱ የቀን አማካይ ከድሮው ሪፖርት ጋር አይገጥምም" ብሎ ይመጣል። ያን ጊዜ አሮጌው ሰርቨር ጠፍቶ ከሆነ የትኛው ልክ እንደሆነ ማረጋገጫ አይገኝም። ከዚህ በታች ያለው ዕቅድ የተዘጋጀው ይህ እንዳይደርስ ነው፤ የሰዓት፣ የጥራትና የአማካይ ጉዳይ ከሌላው ሰፋ ብሎ የቀረበውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚሄደውንና የሚቀረውን መለየት

መጀመሪያ የማይነካውን ጻፉ። ቫልቭ የሚከፍት፣ ሞተር የሚያቆም፣ ግፊት የሚቆጣጠር ማንኛውም ሉፕ (የመቆጣጠሪያ ዑደት)፣ አደጋ ሲመጣ ማሽኑን በራሱ የሚያግድ የደኅንነት ኢንተርሎክና የኦፕሬተሩ ማንቂያ ፋብሪካው ውስጥ ይቀራሉ። መለኪያው ቀላል ነው፦ የኢንተርኔት መስመሩ 3 ቀን ቢቋረጥ የፈረቃው ኦፕሬተር ሥራውን መቀጠል መቻል አለበት። የትናንቱን የሙቀት ግራፍ ሳያይ ማሽን ማስነሳት የማይችል ከሆነ ያ ግራፍ እዚያው አጠገቡ መኖር አለበት።

ቀሪውን ለማደራጀት ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው አሮጌውን ሂስቶሪያን እንዳለ ትቶ ቅጂውን ብቻ ክላውድ ላይ ማኖር ነው። ሁለተኛው ከ30 እስከ 90 ቀን ያለውን የቅርብ ዳታ ፋብሪካው ውስጥ አስቀምጦ ረጅሙን ታሪክ ክላውድ ላይ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ሁሉንም ማዛወር ነው። ለአብዛኛው ፋብሪካ የሚስማማው ሁለተኛው ነው፤ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድም በአንደኛው በኩል ስለሚያልፍ በአንደኛው ጀምሩ። ሦስተኛው የሚያዋጣው ኦፕሬተር ለማይቀመጥባቸው ትንንሽ ጣቢያዎች ነው።

ከዚያ የዳታውን ተጠቃሚዎች ዘርዝሩ። ዳሽቦርዱን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ኤክሴል ነው፤ ሂሳብ ክፍል በወር መጨረሻ የሚከፍተው፣ የአካባቢ ጥበቃ ሪፖርት በዓመት አንዴ የሚወጣበት፣ ከሂስቶሪያኑ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ፋይል። የሂስቶሪያኑን የግንኙነት ሎግ ቢያንስ ለ40 ቀን ሰብስባችሁ የትኛው ኮምፒውተር በየትኛው የተጠቃሚ ስም እንደሚገባ ተመልከቱ። 40 ቀን ያልነው አንድ የወር መጨረሻ እንዲያልፍበት ነው። በዓመት አንዴ የሚከፈተውን ፋይል ሎጉ ላያሳይ ይችላል፤ እሱ ሰው በመጠየቅ ብቻ ይገኛል።

ደረጃ 2፦ የታግ ቆጠራ

የታጎቹን ዝርዝር ወደ አንድ ሰንጠረዥ አውጡ። ለእያንዳንዱ ታግ ስም፣ መግለጫ፣ የመለኪያ አሃድ፣ የዳታ ዓይነት፣ የንባብ ድግግሞሽ፣ የዴድባንድ (ከእሱ ያነሰ ለውጥ የማይመዘገብበት ገደብ) እና የኮምፕሬሽን (ሂስቶሪያኑ ንባቦችን ቀንሶ የሚያምቅበት) መጠን፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን፣ የፒኤልሲ (የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) አድራሻና መጨረሻ የተቀየረበት ሰዓት ይመዝገብ። አንድ ዓምድ በተለይ እንዳይቀር፦ በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ክፍተት በቀጥታ መስመር ይሞላል ወይስ የመጨረሻው እሴት እንዳለ ይቆያል? የታንክ ከፍታ በመስመር ቢሞላ ትክክል ነው። 0 ወይም 1 ብቻ የሚሆን ቫልቭ በመስመር ከተሞላ ግን ግማሽ የተከፈተ ቫልቭ ያሳያችኋል፤ እንዲህ ያለ ቫልቭ ደግሞ የለም።

ለ12 ወር ምንም ያልተለወጡ ታጎችን ለዩ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ሴንሰራቸው ተነቅሎ የቀሩ ስለሆኑ የቀጥታ ንባባቸውን መተው ይቻላል። ሌሎቹ ግን በተፈጥሯቸው የማይንቀሳቀሱ ናቸው፤ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ ለዓመት አለመለወጡ ደግ ነገር ነው። የጥራት ምልክቱ ይለያቸዋል። ምንጩ የሞተ ታግ መጥፎ ጥራት ያሳያል፣ ጤነኛው ጥሩ ጥራት ይዞ ዝም ይላል።

የሚሰሉ ታጎች ለብቻቸው ይዘርዘሩ። ቀመራቸው ከዳታው ጋር አብሮ አይወጣም፤ አንዱ ስሌት በሌላው ላይ ስለሚቆም ቅደም ተከተላቸውም ይጻፍ።

ስምን በተመለከተ አንድ ምክር አጥብቀን እንሰጣለን፦ በማዛወሩ ሥራ መሐል የታግ ስም አትቀይሩ። አሮጌው ስም የማይለወጥ መለያ ሆኖ ይግባ፤ አዲሱ ያማረ ስምና የፋብሪካ፣ የመስመር፣ የማሽን ተዋረድ በተለየ የማዛመጃ ሰንጠረዥ ይቀመጥ። ስምና ቦታ በአንድ ላይ ከተለወጡ ቁጥር ሳይገጥም ሲቀር ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ደረጃ 3፦ መጠኑን በወረቀት ማስላት

20,000 ታግ ያለው ፋብሪካ እንውሰድ። ሁሉም በየሰከንዱ ቢነበብ በቀን 1.728 ቢሊዮን ንባብ ይሆናል። ሰዓቱ 8 ባይት፣ እሴቱ 8 ባይት ቢይዝ በቀን ወደ 27.6 ጊጋባይት ነው። ዴድባንድ የማይረባውን አጣርቶ 10 በመቶውን ብቻ ቢያሳልፍ 172.8 ሚሊዮን ንባብ፣ ማለትም በሰከንድ 2,000 ይቀራል። 10 በመቶ የምሳሌ ቁጥር ነው፤ የራሳችሁን ከሂስቶሪያኑ የአንድ ሳምንት የንባብ ብዛት አውጡ።

መስመር ላይ ሲጓዝ ይህ መጠን ያብጣል። በጄሰን (በጽሑፍ መልክ ባለ የዳታ ቅርጽ) የተጻፈ አንድ ንባብ ከነታግ ስሙና ከነጥራቱ 100 ባይት ገደማ ሊይዝ ስለሚችል በሰከንድ 2,000 ንባብ 1.6 ሜጋቢት ይፈልጋል። ብዙ ንባቦችን በአንድ መልእክት አሽጎና ጨምቆ መላክ ይህን በብዙ ይቀንሰዋል።

ስለ ማመቅ ስትሰሙ ጥንቃቄ አድርጉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው ጎሪላ የተባለ ዘዴ 16 ባይቱን በአማካይ ወደ 1.37 ባይት አውርዷል። ያ የሰርቨር መከታተያ ዳታ ነበር። የሚንቀጠቀጥ የንዝረት ሴንሰር አሥርዮሽ ቁጥር እንዲህ አይታመቅም። የአንድ ወር ዳታ አስገብታችሁ ለኩ።

ደረጃ 4፦ ሰዓት፣ ጥራትና አማካይ

ሰዓት ሁሉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይቀመጥ። ሂስቶሪያኑ ውስጡን በዩቲሲ ቢይዝም የማውጫ መሣሪያው በአካባቢ ሰዓት ሊጽፍ ይችላል። ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ በሚቀየርባቸው አገሮች አንድ ሌሊት አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ በሌላው ሌሊት አንድ ሰዓት ይዘላል። ሰዓት ወደኋላ የተመለሰበትን ቀን አውጥታችሁ ቁጠሩ፤ 25 ሰዓት ካልሞላ ዳታ እየጠፋ ነው። የሰዓት አሃድም ይረጋገጥ። በሰከንድ የተጻፈ 1,700,000,000 በሚሊሰከንድ ከተነበበ ንባቡ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1970 ላይ ያርፋል። ሰዓቱን የሚሰጠው ሁልጊዜ ምንጩ ወይም ጌትዌዩ (ዳታውን ከፋብሪካው ተቀብሎ ወደ ክላውድ የሚልከው ማሽን) ይሁን። ክላውድ የደረሰበት ሰዓት በተለየ ዓምድ ይያዝ፤ መዘግየትን ለመለካት ያስፈልጋል።

የጥራት ኮድ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። በአሮጌው ኦፒሲ (የፋብሪካ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት ስታንዳርድ) 192 ጥሩ፣ 64 አጠራጣሪ፣ 0 መጥፎ ነው። በአዲሱ ትውልዱ በኦፒሲ ዩኤ ግን 0 ጥሩ ማለት ነው። ሁለት ምንጮች በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ የሞተ ሴንሰር ጤነኛ ይመስላል። የራሳችሁን ሦስት ምልክት አውጥታችሁ ሁሉንም ወደ እሱ መልሱ፤ ዋናውን ኮድ ግን በተለየ ዓምድ አቆዩት። አንዳንድ ሂስቶሪያን ግንኙነት ሲቋረጥ በእሴቱ ቦታ ጽሑፍ ያስገባል። ይህ ሲወጣ 0 ሆኖ እንዳይጻፍ ተጠንቀቁ። 0 ዲግሪ እና "ንባብ የለም" ለየቅል ናቸው።

የቁጥር ዓይነትም ይታይ። በ32 ቢት አሥርዮሽ የተያዘ ድምር ቆጣሪ 16,777,216 ሲደርስ 1 ቢጨመርበት አይንቀሳቀስም። ቆጣሪዎች በ64 ቢት ይግቡ።

አሁን ወደ አማካዩ እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ ጠብ የሚያስነሳው እሱ ነው። ሂስቶሪያን ያልተለወጠውን ደጋግሞ አይጽፍም። አንድ የፍሰት ታግ የመጨረሻውን እሴት የሚይዝ ዓይነት ነው እንበል። ከ8፡00 እስከ 8፡50 እሴቱ 100 ሆኖ ስለቆየ አንድ ንባብ ብቻ ተጽፏል። ከ8፡50 እስከ 9፡00 ፍሰቱ 160 አካባቢ እየዋለለ በየ10 ሰከንዱ 60 ንባብ ተጽፏል፤ አማካያቸው 160 ነው። ሂስቶሪያኑ አማካዩን በጊዜ ይመዝናል፦ 100 ሲባዛ በ50፣ ሲደመር 160 ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ60፤ ውጤቱ 110። ክላውድ ላይ በተለመደው የኤስኪውኤል (የዳታ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ) አማካይ ብትጠይቁት 61ዱን ንባብ ደምሮ ለ61 ያካፍላል፤ ውጤቱ 159 ነው። ዳታው አንድ ነው፣ ሁለቱም ስሌት አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ለሰዓቱ ፍሰት መልሱ 110 ነው።

ስለዚህ የምትመርጡት የዳታ ቋት በጊዜ የተመዘነ አማካይ ማስላት መቻሉን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። ለምሳሌ የታይምስኬልዲቢ ቱልኪት ይህን የሚያሰላ ተግባር አለው፤ በመስመር ወይስ የመጨረሻውን እሴት ይዞ እንደሚያሰላም ያስመርጣል። በደረጃ 2 የሞላችሁት ዓምድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሌላም አለ፦ በ9፡00 እና በ10፡00 መካከል ምንም ንባብ ባይኖር ተራ ጥያቄ ባዶ ይመልሳል። ትክክለኛው ጥያቄ ከ9፡00 በፊት ያለውን የመጨረሻ ንባብ ፈልጎ ይጀምራል። ይህን እያንዳንዱ ተጠቃሚ በየራሱ እንዲጽፈው አትተዉ፤ አንድ ጊዜ በትክክል ተጽፎ ሁሉም በእሱ በኩል ይጠይቅ።

ደረጃ 5፦ መንገዱን መዘርጋት

ፋብሪካው ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት አይቀበል። በፋብሪካው ኔትወርክና በቢሮው ኔትወርክ መካከል ባለው ገለልተኛ ክፍል ጌትዌይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወደ ውጭ ብቻ በ8883 ፖርት በተመሰጠረ ኤምኪውቲቲ (ቀላል የመልእክት መላኪያ ፕሮቶኮል) ወይም በ443 ይላክ። ከፋብሪካው ወደ ጌትዌዩ ኦፒሲ ዩኤ ተመራጭ ነው፤ የተለመደ ፖርቱ 4840 ነው። አሮጌው ኦፒሲ በዲኮም (የዊንዶውስ ፕሮግራሞች በኔትወርክ በሚገናኙበት ዘዴ) ላይ ስለቆመ በ135 ጀምሮ ተለዋዋጭ ፖርቶችን ይከፍታል፣ በፋየርዎል ማሳለፉም አድካሚ ነው። ማይክሮሶፍት የዲኮምን የደኅንነት ማጥበቂያ እ.ኤ.አ. ከማርች 2023 ጀምሮ ማጥፋት እንዳይቻል ስላደረገ፣ ያልታደሱ ደንበኛ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ሲታደስ ግንኙነታቸው ሊቋረጥ ይችላል። አሮጌ ምንጭ ካላችሁ እዚያው ማሽን ላይ ወደ ኦፒሲ ዩኤ የሚቀይር መሸጋገሪያ አስቀምጡ።

ዳታውን ሂስቶሪያኑ ከማመቁ በፊት ውሰዱት። ከታመቀ በኋላ ወስዳችሁ ጌትዌዩ ላይ ሌላ ዴድባንድ ብትጨምሩ ስህተቱ በስህተት ላይ ይደረባል።

ባፈሩ (መስመር ሲቋረጥ ጌትዌዩ ዳታውን የሚያቆይበት ማከማቻ) ለ72 ሰዓት ይበቃ። በምሳሌያችን 518.4 ሚሊዮን ንባብ ነው፤ በ100 ባይት ወደ 52 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል። በሚሞሪ ላይ ብቻ የቆመ ባፈር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሰው የሚዘነጋው መስመሩ ሲመለስ የሚሆነውን ነው። የመስመሩ አቅም የቀጥታው ዳታ ሁለት እጥፍ ከሆነ የ72 ሰዓት ውዝፍ ለመጨረስ ሌላ 72 ሰዓት ይወስዳል። አራት እጥፍ ከሆነ በ24 ሰዓት ያልቃል። የቀጥታው ዳታ ቅድሚያ ያግኝ፣ ውዝፉ ከኋላ ይከተል። ውዝፍ ሲደርስ የትናንቱ ከፍተኛ ሙቀት ዛሬ ሌሊት ሰው እንዳይቀሰቅስ፣ ክላውድ ላይ ያለ ማንቂያ ሰዓቱ ከ5 ደቂቃ በላይ ያለፈበትን ንባብ ይዝለል።

ኤምኪውቲቲ በኪውኦኤስ 1 (መልእክቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ መድረሱን በሚያረጋግጠው ደረጃ) ሲላክ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ታግና ሰዓት በአንድነት ልዩ ቁልፍ ይሁኑ፤ ድጋሚ የመጣው በአሮጌው ላይ ይጻፍ። ግን ሚሊሰከንዱን ቆርጦ የሚጥል መሣሪያ በመሐል ካለ ሁለት እውነተኛ ክስተቶች አንድ ሰዓት ይይዙና አንዱ ይጠፋል። የጌትዌዩ ሰርተፍኬት የሚያበቃበት ቀንም ቀን መቁጠሪያ ላይ ይግባ፤ ከ30 ቀን በፊት ማንቂያ ይሰጥ።

የላብራቶሪ ውጤት ናሙናው በተወሰደበት ሰዓት ይመዘገባል፣ የሚገባው ግን ከሰዓታት በኋላ ነው። በእጅ የታረመ እሴትም እንዲሁ ነው። የቀጥታው ፍሰት እነዚህን ሊስታቸው ስለሚችል በየሌሊቱ ያለፉትን 7 ቀናት እንደገና የሚያነብ ሥራ ይኑር።

ደረጃ 6፦ ያለፈውን ታሪክ መጫን

የ10 ዓመት ታሪክ በምሳሌያችን 630.7 ቢሊዮን ንባብ፣ ወደ 10 ቴራባይት ነው። በ50 ሜጋቢት መስመር ከ19 ቀን በታች ይጓዛል። እንቅፋቱ ያለው ማንበቡ ላይ ነው። ሂስቶሪያኑ በሰከንድ 50,000 ንባብ ቢሰጥ 146 ቀን ይወስዳል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የኦፕሬተሮቹ ስክሪን ይጎተታል። ባካፑን በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ከዚያ አንብቡ፤ በትይዩ 4 አንባቢ ብታሰማሩና ዲስኩ ቢሸከም ወደ 37 ቀን ይወርዳል።

ሥራውን በታግ ቡድንና በወር ቁረጡት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የንባብ ብዛት፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት፣ "ተነበበ፣ ተጫነ፣ ተረጋገጠ" የሚል ሁኔታ በመዝገብ ይያዝ፤ ሥራው መሐል ላይ ቢቆም ከዚያው ይቀጥላል። ከቅርቡ ወር ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ተጠቃሚው የሚፈልገው የቅርቡን ስለሆነ።

ፋይሎቹ በፓርኬ (ዳታው በዓምድ ተደራጅቶ በሚታመቅበት የፋይል ዓይነት) ቅርጽ፣ በዓመትና በወር ተከፍለው ይቀመጡ። ለእያንዳንዱ ታግ በየቀኑ አንድ ፋይል ብትጽፉ 73 ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይል ይሆናል፤ አንድ ጥያቄ ከማንበብ ይልቅ ፋይል በመክፈት ይደክማል። ከ128 ሜጋባይት እስከ 1 ጊጋባይት ያለው መጠን ጥሩ ነው።

ደረጃ 7፦ ወጪውን ከጥያቄው ብዛት ጀምሮ መገመት

ሰው ሁሉ የማከማቻውን ዋጋ ያሰላል። ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ግን የንባቡ ሂሳብ ነው። 40 ስክሪን፣ በእያንዳንዱ 50 ታግ፣ በየ5 ሰከንዱ ቢታደስ በደቂቃ 24,000፣ በቀን 34.56 ሚሊዮን የታግ ጥያቄ ነው። የመጨረሻው እሴት በተለየ ፈጣን ሰንጠረዥ ይያዝ፤ የ1 ደቂቃና የ1 ሰዓት ማጠቃለያ አስቀድሞ ይሰላ፤ የወር ግራፍ ጥሬውን ዳታ አይንካ። ከክላውድ ወደ ውጭ የሚወጣ ዳታ በብዙ አቅራቢዎች ዘንድ ለብቻው እንደሚያስከፍልም አትርሱ።

ደረጃ 8፦ ጎን ለጎን ማስኬድና ማመሳከር

ሁለቱ ሥርዓቶች ቢያንስ 45 ቀን አብረው ይሂዱ። በዚህ ጊዜ አንድ የወር መጨረሻ ይለፍ፣ የመስመር ገመዱ ሆን ተብሎ ለ4 ሰዓት ይነቀል፣ ከተቻለም ፋብሪካው ቆሞ ሲነሳ ይታይ።

ከየዓይነቱ የተውጣጡ 200 ታጎችን በየቀኑ አመሳክሩ። ለተለዋዋጭ መለኪያዎች በጊዜ የተመዘነው የቀን አማካይ ልዩነት ከታጉ ወሰን 0.1 በመቶ አይለፍ፤ የሂስቶሪያኑ ኮምፕሬሽን ከዚህ የሰፋ ከሆነ ገደቡን በእሱ ልክ አስተካክሉ። ድምር ቆጣሪ በቀኑ መጨረሻ በትክክል እኩል ይሁን። ለክፍት እና ዝግ ታጎች የተቀያየሩበትን ብዛትና ክፍት ሆነው የቆዩበትን ደቂቃ አወዳድሩ። በቀጥታው ዳታ ላይ የንባብ ብዛትን አታወዳድሩ፤ ክላውዱ ዳታውን ከመታመቁ በፊት ስለሚወስድ ቁጥሩ ሊገጥም አይችልም። ብዛት የሚገጥመው በተጫነው ታሪክ ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 9፦ መቀየርና መዝጋት

ተጠቃሚውን በቡድን አሻግሩ፤ መጀመሪያ ትንተና የሚሠሩትን፣ ቀጥሎ የጥገና ክፍሉን፣ በመጨረሻ ሕጋዊ ሪፖርት የሚያወጡትን። ወደ ኋላ የሚመልሰው ምክንያት አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ ከ1 ሰዓት በላይ የሚዘገይ ዳታ በተከታታይ 2 ቀን ከታየ ቡድኑ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ውሳኔውን የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነም ይታወቅ።

አሮጌው ሂስቶሪያን አዲስ ንባብ መቀበል ካቆመ በኋላ ለማንበብ ብቻ ክፍት ሆኖ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ፤ ያ በዓመት አንዴ የሚከፈተው ኤክሴል ብቅ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ከመዘጋቱ በፊት ሙሉ የቨርቹዋል ማሽን ቅጂ ይያዝ፤ ፈቃዱ ከተቋረጠ በኋላ ያ ቅጂ መከፈት መቻሉን ከአቅራቢው በጽሑፍ ተቀበሉ። ለአሜሪካ ገበያ መድኃኒት የሚያመርት ፋብሪካ 21 ሲኤፍአር ክፍል 11 (የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ደንብ) ስለሚመለከተው መዝገቡ በሙሉ የማቆያ ዘመኑ ያለ ችግር ተፈልጎ መውጣት አለበት። ስለዚህ ከአሮጌ ዓመታት አንድ ቀን መርጣችሁ፣ ያንን ቀን ከክላውዱ ብቻ አውጥታችሁ፣ በጊዜው ከወጣው ሪፖርት ጋር አስተያዩ። የሰርቨሩ መብራት የሚጠፋው ቁጥሮቹ ከገጠሙ በኋላ ነው።